በስልክ ኮቪድ ለማይቀበለው መሥሪያ ቤት

ለክቡር አቶ ሃብተአብ
የጥምር መዛግብት አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ካዛንቺስ

ጉዳዩ፦ ሰኞ ሥራ እንድገባ የተሰጠኝን ትእዛዝ ከነምስጋናው ስለ መመለስ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ርቀቴን ጠብቄ አቀርባለሁ። ጤናዎ በድርጅታችን በር ላይ እንዳለው የሙቀት መለኪያ የጸና ይሁንልዎ፤ እሱ የመጣው ሰው ትኩሳት ቢኖረው ባይኖረው፣ ከፀሐይ ቢገባ ከዝናብ፣ ሠላሳ ሦስት ከማለት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። በሐኪም ቤት ሠላሳ ሦስት የሚለካ ሰው ወደ ሬሳነት የተጠጋ ሰው እንደሆነ ለጥበቃችን ለጋሽ ፈየራ አንድ ቀን ብነግራቸው፣ «ታዲያ ቢሮ የሚገባ ሰው ስንት ሊሆን ፈለግህ?» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

እኔ በሁለተኛው ፎቅ፣ በመዛግብት ክፍል የማገለግል ታዲዎስ የተባልኩ ሠራተኛዎ ነኝ። በመልክ ባያውቁኝም በማስጠንቀቂያ ያውቁኛል፤ ባለፈው ሳምንት የፈረሙበት ደርሶኛል፣ ፊርማዎም እጅግ ያማረ ነው። ጉዳዬን በአደባባይ የማቀርበው ለመዳፈር እንዳልሆነ ይረዱልኝ። በዝግ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «ለሚመለከተው» ተብለው ተመርተው ነበር፤ የሚመለከተው ሰው ግን ታሞ ተኝቷል።

ክቡርነትዎ የሠራተኛውን ኑሮ በቅርብ እንደሚከታተሉ ስለማልጠራጠር፣ የማያውቁትን ብቻ ልንገርዎ። የምኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ካሳደጉኝ አክስቴ ከእትዬ ጀማነሽ ጋር ነው። ሁለት ክፍል ያልኩት ለክብራችን ስል ነው፤ አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ነው። እትዬ ጀማነሽ የቆየ አስም አለባቸው፤ ደረታቸው ሲተነፍሱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጢጥ ይሰማል። ሐኪማቸው ገና በሽታው እንደገባ ሰሞን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ለሌላው ጉንፋን ሊሆን ይችላል፣ ለእሳቸው አይሆንም» ብሎኛል። የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች የሚያነቡት ሁሉ ይህን በሽታ ከዚያ መጋረጃ ማዶ ላለማሳለፍ ያደረግሁት ጥረትና ድርጅታችን ያደረገልኝ ትብብር ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በስልክ ስላለመቀበልዎ

ባልደረባዬ ረውዳ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስቴፕለርና አንድ የምሳ ትሪ የምትጋራ ታታሪ ሠራተኛ ናት። አንድ ማለዳ ደውላ፣ «ታዴ፣ ፖዘቲቭ ነኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ትናንት ሦስት አጉርሼሃለሁ፤ በቃ እንግዲህ፣ ለእትዬ ብለህ ቤትህ ቁጭ በል» አለችኝ። እኔም ሕግ አክባሪ ሆኜ ወዲያው ወደ ሰው ኃይል ክፍል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው እህት በታላቅ ትሕትና፣ «ወንድሜ፣ በስልክ ኮቪድ አንቀበልም፤ ንክኪ ያለው ሰው ራሱ ቀርቦ ይፈርማል» ብላ አስረዳችኝ።

ቀረብኩ። በሩ ላይ «ንክኪ ያለው ሰው መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ውስጥ ደግሞ ገብቶ ያልፈረመ ሰው ንክኪ እንደሌለው ይቆጠራል። የሕግ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ቢፈጁ የማይፈቱትን ይህን ቋጠሮ ጋሽ ፈየራ ወደ ሌላ አቅጣጫ በማየት ፈቱልኝ፤ «አላየሁህም፣ ግባ» አሉኝ። ሠራተኛው ሁሉ ጣቱን በሚያሳርፍበት የአሻራ መሣሪያ ላይ የእኔንም አሳረፍኩ። ከሰዎች እንድርቅ የሚፈቅደውን ወረቀት ለማስፈረም በየቢሮው ስዞር ከብዙ ሰው ጋር ተጨባበጥኩ። የመጨረሻው ፈራሚማ ከበዓል ወዲህ ስላልተገናኘን ጉንጬን እያገላበጠ ስሞ ከሸኘኝ በኋላ ነው፣ ማስኩን ከአገጩ ወደ አፉ መልሶ፣ «ተጠንቀቅ፣ ይሄ ነገር ቀልድ አይደለም» ያለኝ። ለምክሩ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ብቻዬን መሆኔን ስላረጋገጡልኝ

ክቡርነትዎ ባወጡት መመሪያ አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ማንኛውም ራሱን ለይቶ የሚያቆይ ሠራተኛ በእርግጥ ብቻውን መሆኑን የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ በአካል ተገኝቶ ያረጋግጣል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ባነበብኩት ቁጥር እንደ ጥሩ ቅኔ አዲስ ነገር ይገለጥልኛል።

ኮሚቴው አሥራ አራት ሆኖ መጣ። የታመመን መጠየቅ ባህላችን ነው፤ ኬሻ ሙሉ ብርቱካን ይዞ መጠየቅ ደግሞ የድርጅታችን ኩራት ነው። ሁሉም በአንድ ሚኒባስ፣ ብርድ እንዳይመታቸው መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ከካዛንቺስ ቂርቆስ ድረስ ተጓዙ። በመንገድም ሰብሳቢያቸው ወይዘሮ የሺሃረግ ሳል በሳል ሆነው፣ «ይቺ ጉንፋን ናት፤ ኮሮናማ ሲይዝ ይታወቃል» እያሉ ሲያጽናኗቸው እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ።

አሁን ክቡርነትዎ በዓይነ ኅሊናዎ እንዲመለከቱልኝ የምለምነው የሰፈራችንን ሰው ነው። እኔ ለቀናት ደጅ አልታየሁም። እትዬ ጀማነሽ ከእኔ ለመራቅ ሲሉ ቀኑን ሙሉ በራፉ ላይ በርጩማ ላይ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ይውላሉ። እንዲህ ባለው ሁኔታ ላይ ጥቁር ኮት የለበሱ፣ አፋቸውን የሸፈኑ የቢሮ ሰዎች በጠባቧ መንገድ በነጠላ ሰልፍ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ ጎረቤት ምን ሊል ይችላል? አንገታቸውን የደፉት ጭቃውን ለማየት ነበር። ጎረቤት ግን የሚለውን አለ፤ ወዲያውም የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች መድረስ ጀመሩ።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በአልጋዬ ላይ ሆኜ የራሴን ለቅሶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ይህ ዕድል ለማንም አይሰጥም፤ በድርጅታችን አስተባባሪነት ለእኔ ተሰጠ። «ትናንትና ዳቦ ሲገዛ ያየሁት መሰለኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ «ኧረ እሱ አይደለም፣ እሱ ከተኛ ቆይቷል» አለ ሌላው። በሕይወት ሳለሁ ሰላምታዬን መልሰውልኝ የማያውቁ አንዲት ጎረቤታችን፣ ሰው አክባሪነቴን እያነሱ እንዲህ ሲያለቅሱ፣ እኔንም ራሴን ለቅሶ ዳር ዳር አለኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባቸውን ከጨርቁ አውጥተው በእጃቸው መዳፍ ማበስ በጀመሩበት ሰዓት ላይ አነጠስኩ።

ክቡርነትዎ፣ እንዲያ ያለ ጸጥታ በስብሰባ አዳራሻችን ውስጥ እርስዎ ሲገቡ እንኳ ሆኖ አያውቅም። «ነፍስ ይማር» ለማለት የተነሱት «ይማርህ» ብለው ተቀመጡ። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባቸውን ወደ ጨርቁ መለሱ፤ በፊታቸው ላይ ቅር የመሰኘት ምልክት አላየሁም ብል ግን እዋሻለሁ።

ከዚያ ወዲያ እንግዳ ደጅ አቁሞ መመለስ ነውር ስለሆነ ኮሚቴውም ጎረቤቱም ወደ ቤት ገባ። እንግዳ ተቀባይዋ እትዬ ጀማነሽም ስንት ቀን በበርጩማ የሸሹትን አየር ሊተነፍሱ መሐላቸው ቆሙ። ወይዘሮ የሺሃረግ እየሳሉ ጉንጬን ሲስሙኝ አክስቴ ከመጋረጃው ጫፍ ተመልክተው እንዲህ አሏቸው፦ «ልጄ፣ የመጣችሁት ብቻውን መሆኑን ልታረጋግጡ ነው አይደል? እንግዲህ አይታችኋል፤ ብቻውን አይደለም። በሉ አሁን ውጡ።»

፫ኛ፦ ስለ እጅ መታጠቢያው

በድርጅታችን ግቢ ስለተተከለው ሮቶ አመሰግናለሁ። ውኃ ባይኖረውም ጥላው ጥሩ ነው።

፬ኛ፦ ጤነኛ ነህ ስላሉኝ

ኮሚቴው በማግስቱ ባቀረበው ሪፖርት «ሠራተኛው ብርቱካን በራሱ እጅ ሲቀበል፣ ሲስቅና ብዛት ያለው እንግዳ ሲያስተናግድ ስለተገኘ ጤነኛ ነው» ሲል ወሰነ። የሚደንቀው ነገር ትክክል ነበሩ። የረውዳ ጉርሻዎች ምንም አላደረጉኝም፤ ምርመራዬ ከበሽታ ነጻ መሆኔን አሳየ። እኔ ራሴን ለይቼ በቆየሁባቸው ቀናት ሁሉ ፍጹም ጤነኛ ነበርኩ፤ የታመምኩት ብቻዬን መሆኔን ሊያረጋግጡ ከመጡት ሰዎች ነው። በዚያው ሳምንት ትኩሳቱ ጀመረኝ። ዳግም ብመረመር ፖዘቲቭ ሆንኩ። ከሚኒባሱ ተሳፋሪዎችም አብዛኞቹ ተራ በተራ ተኙ።

ይህንንም ሕግ አክባሪ ሆኜ አስታወቅሁ። የተሰጠኝ መልስ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ጉዳዬ «ጤነኛ» ተብሎ ስለተዘጋ ዳግም መታመም አልችልም የሚል ነው። ሁለተኛው በፊርማዎ ያሸበረቀው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጥፋቴም «በወረርሽኝ ወቅት የድርጅቱን ሠራተኞች በመኖሪያ ቤቱ በመሰብሰብ ለበሽታ ማጋለጥ» ይላል። ሰኞ ካልተገኘሁ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን እንደለቀቅሁ የሚቆጠር መሆኑም ከግርጌ ተጠቅሷል። በሕይወት ዘመኔ አሥራ አራት ሰው ጠርቼ የማላውቀውን ሰውዬ የድግስ ባለቤት ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አሁን ያለንበትን ሁኔታ በአጭሩ ላቅርብ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ፣ እትዬ ጀማነሽ ከመጋረጃው ወዲያ ነን። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ያለችው የእህታቸው ልጅ ብርኽቲ ልውሰድዎት ብትላቸው፣ «ቂርቆስን ለቅቄ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ልብስ ልሰጣ?» ብለው ተቆጧት። ስለዚህ መስኮቱን ከፍተን፣ ብርዱን ታግሠን፣ በአፋችን ላይ ማስክ አጥብቀን አለን። እሳቸው በከዘራቸው ግድግዳውን ቆርቆር ያደርጉና «አለህ?» ይላሉ። እኔም «አለሁ» እላለሁ። ቀጥሎ እኔ ጆሮዬን አቁሜ ደረታቸውን አዳምጣለሁ። እስከዚህች ሰዓት ድረስ አልሳሉም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ፌዙን ሁሉ ትቼ አንድ ጊዜ ልናገር። ሰኞ አልመጣም። ሐኪሙ ከበሽታው ነጻ ነህ እስኪለኝ ድረስ እቤቴ እንድቆይ፣ አንቀጽ አሥራ ሁለትም እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ። ሌላ ሥራ ሊገኝ ይችላል፤ ሌላ እትዬ ጀማነሽ ግን የሉኝም።

ለዘወትር አባታዊ ክትትልዎ፣ ለብርቱካኑ፣ በሕይወት ሳለሁ ለሰማሁት ለቅሶና የሰፈሬን ሰው ፍቅር በወቅቱ ስላሳወቁኝ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ በትኩሳት ከሞቀ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

ሊታመም የማይችለው ሠራተኛዎ
ታዲዎስ

ግልባጭ፦
ለማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ አባላት፣ በየተኙበት
ለጋሽ ፈየራ፣ እንዳላዩ ሆነው እንዲያነቡት
ለእድራችን ጥሩምባ ነፊ፣ ከይቅርታ ጋር
ለእትዬ ጀማነሽ፣ ከመጋረጃው ማዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልፈርም ብዕሬን ባነሣሁበት ቅጽበት እርስዎ በቴሌግራም ለሠራተኛው በሙሉ የላኩት መልእክት ደረሰኝ፤ «ጉንፋን ቢጤ ስለነካካኝ ለጥቂት ቀናት ከቤት አልወጣም፤ በዕድሜ የገፉ እናቴ አብረውኝ ስላሉ ማንም ሰው ለጥየቃ እንዳይመጣ በአክብሮት አሳስባለሁ» ይላል። እግዚአብሔር ይማርዎ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። የእናትዎን ነገር ሳነብ ከመጋረጃው ማዶ ከዘራው ቆርቆር ሲል ሰማሁ። ይሁን እንጂ እንደሚያውቁት በስልክ ኮቪድ አንቀበልም። አንቀጽ አሥራ ሁለትም «ማንኛውም ራሱን ለይቶ የሚያቆይ ሠራተኛ» ይላል እንጂ «ከሥራ አስኪያጁ በቀር» አይልም። ደውዬ እንዳረጋገጥኩት፣ ጉንፋናቸው ያለፈላቸው ወይዘሮ የሺሃረግ ያገገሙትን አሰባስበው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስቀል ፍላወር እቤትዎ ድረስ መጥተው ብቻዎን መሆንዎን ለማረጋገጥ ተዘጋጅተዋል። የእድራችን ሰዎችም ያለፈው ድካማቸው ከንቱ እንዳይቀር አድራሻዎን ጠይቀዋል። ይህን ሁሉ ሰው ሊያስቀረው የሚችለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው፤ አንቀጹንና የሰኞውን ትእዛዝ ቢሽሩ እናትዎም አክስቴም ያለ እንግዳ ይሰነብታሉ። ብርቱካኑ ተገዝቶ ሚኒባሱ ላይ ተጭኗል። ሽረቱን ግን፣ እንዳይደክሙ ብለን፣ በስልክም እንቀበላለን።