የባሊ ሩዝና የውሃው ተራ

ሰኞ፣ ማርች 31፣ ጠዋት 2 ሰ.

ሱቁን ከፈትኩ። ደጁ ላይ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። እዚህ ክሪስታል ከተማ ውስጥ የባሊ ቀይ ሩዝ የምሸጠው እኔ ብቻ ነኝ፤ የቀረኝ ሦስት ከረጢት። ኢገን ከተማ ምግብ ቤት ያላት ወ/ሮ ጽጌ ለሴፕቴምበር ሠርጎች ትፈልገዋለች። ካላደረስኩ ሌላ ጋ ትሄዳለች። ትልቅ ደንበኛ ናት።

ኬቱት መጣች። የባሊ ደሴት ልጅ ናት፣ አፕል ቫሊ ሆስፒታል በነርስነት ትሠራለች። ሩዙን የሚያመርተው እዚያ አገር ያለው ታላቅ ወንድሟ ዋያን ነው። ደንበኞቹ ሲጠሩኝ ሰምታ እሷም ጋሼ ትለኛለች። ዋያን ገና አልዘራም አለች፤ ውሃውን የሚያከፋፍለው የላይኛው ቤተ መቅደስ የመዝሪያ ቀን እስኪሰጠው ይጠብቃል። ፓምፕ ገዝቶ ውሃውን ራሱ ቢስብስ አልኳት። ሳቀች። "ጋሼ፣ ከአምላክ ላይ ውሃ ልትሰርቅ ነው?"

ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ፦ እንደወጣች የፓምፑን ገንዘብ ለዋያን ላክሁለት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ዋያን ገንዘቡን መለሰው። ከረጅም የድምፅ መልእክት ጋር። ኬቱት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ ፊቷን አጥቁራ ተረጎመችልኝ። ውሃው ከተራራው ሐይቅ ይወርዳል፤ የሐይቋ አምላክ ስጦታ ነው፣ በየመቅደሱ ተባርኮ በተራ ይከፋፈላል። አሁን ተራው የታችኛው መንደር ነው። ውሃው ማሳው በሚገባበት ጥግ ዋያን ለሩዝ እመቤት፣ ለእህሉ አምላክ፣ አበባ ያኖራል። እዚያው ጥግ ላይ ፓምፕ ልትከል ወይ ይላል። ቢተክል መንደሩ ለቀብሩ እንኳ አይቆምለትም።

ከእድር መባረር ማለት ነው። ገባኝ።

ደግሞም አለ፦ ሁሉም ማሳውን አንድ ላይ ጦም የሚያሳድረው አይጥና ተባይ የሚበላው እንዲያጣ ነው። ብቻውን የዘራ የአገሩን አይጥ ሁሉ ይጠራል። እኔ ሆዬ ለአይጥ ድግስ ገንዘብ ልኬያለሁ! እዚህ ላይ ኬቱት ሳቋ አመለጣት። ተመስገን። እምቢ ባይለኝ ሩዙንም ሰውየውንም አጣ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

አባቴ ቆቦ ውስጥ የውሃ አባት ነበር። ቦዩን በተራ ያካፍላል። ያለ ተራው ቦይ የሰበረ ወንድሙን በሰው ፊት ቀጥቷል። ይህን እያወቅሁ ነው ፓምፕ ግዛ ያልኩት። ለባለቤቴ ለሰናይት ነገርኳት። አባትህ ቢኖሩ አንተንም አይምሩህም ነበር አለችና ሻይ ጨመረችልኝ። እውነቷን ነው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ወ/ሮ ጽጌ ጋ ደወልኩ። ለሴፕቴምበር አይደርስም አልኳት፣ ምክንያቱንም ጭምር። "አንተ ነጋዴ ነህ ወይስ ቄስ?" አለችኝ። ሌላ ሱቅ ልትሞክር ነው። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ቢሆንም እንደ ዋያን ያለ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ኬቱት ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች። ለዋያን የጻፍኩትን አሳየኋት። በተራህ ዝራ፤ ቀኑን መቅደሱ ይወስን፤ ምርቱን በደረሰ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ቶሎ ላክልኝ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ጥሩ ነው ጋሼ። ቶሎ የምትለዋን ብቻ አውጣት።"

አወጣኋት። ላክሁት።