የጎበጠ ሰው ቁመት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? መንጋጋሽ የታሰረበት ሽቦ ድድሽን መውጋቱን ተወልሽ? ሾርባውን በቱቦ እየሳብሽ መጨረስ መጀመርሽን ነርሷ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔ ግን አላኮራኝም።

ትናንት በሰጠሽኝ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ይፈረድበት» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስምረሽበታል። አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር።

የድንጋይ ወፍጮው ሠራተኛ በምርመራ ክፍልሽ በወንበር ፊትሽን ሲመታሽ፣ ጥርስሽ ወለሉ ላይ ሲረግፍ አይቻለሁ። ስልክሽን በተረከዙ ሲያደቅቀውም ነበርሁ። «ደም እየተፋሁ ‹ሳንባህ ጤነኛ ነው፣ ወደ ወፍጮው ተመለስ› ትይኛለሽ ወይ?» እያለ ነበር። አንቺ ምን ታደርጊ። ሳንባ ለሚለካው ስልክሽ ዕድሜ፣ ጾታና ቁመት ይሰጡታል፤ እሱም በሽተኛው የተነፈሰውን ከዚያ ጋር ያመዛዝንና ይፈርዳል፤ ቁመት ካነሰ ትንሽ ትንፋሽም ጤነኛ ይመስለዋል። ቁመቱን ለክቼ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።

አርባ ዓመት ነርሶችን ሳስተምር፣ ጀርባው የጎበጠን ሰው በቁሙ አትለኩ፤ እጆቹን አስዘርግታችሁ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለኩ እል ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሰልፉ ረዥም ነበር። ቀጥ በል አልሁት። «እማማ፣ ሃያ ዓመት ድንጋይ ያጎበጠኝን እርስዎ በአንድ ጠዋት ሊያቃኑኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሰልፈኛውን አሳቀብኝ። እኛ ስንማር በመምህር አይሳቅም ነበር። በሩን ዘጋሁት። ሲወጣ የሚስቅ አልነበረም። በቁሙ ለክቼ አንድ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ብዬ ጻፍሁልሽ።

ማክሰኞ ሜትር ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ሰውየው ሲይዙት በመቱት ዱላ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል፤ ከንፈሩ ተተርትሯል። እጅህን ዘርጋ ብዬ ስጠጋው በክንዱ ራሱን ሸፈነ። ቆይቶ ዘረጋልኝ፤ አንድ መቶ ሰባ ስምንት። የትንፋሹን ቁጥር ከመዝገብሽ ወስጄ፣ ቁመቱን አርሜ፣ ያው ፕሮግራም ባለበት በነርሷ ስልክ አስገባሁት። ሳንባው ክፉኛ ተጎድቷል፣ በአስቸኳይ ይመርመር አለ።

መርማሪው በሰውየው ጀርባ ላይ ሁለት ጣት የሚሰፋ ሰንበር አይቶ «ማን መታህ?» ሲለው፣ ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና «ወድቄ ነው» አለ።

ችሎቱ ነገ ነው። አንቺን ስለመታሽ አልምረውም፤ ለወንበሩ ይጠየቅ። ቁመት ስለካ ራስ ላይ የማሳርፈው ሁለት ጣት የሚሰፋው የእንጨት ማስመሪያ በምን ለሁለት እንደተሰበረ ጠይቀሽኝ፣ በር ዘግቶበት ነው ብዬሽ ነበር። ሁለቱንም ቁራጭ ለዳኛው ይዤላቸው እሄዳለሁ።

አጥንትሽን እንደነበረ ይግጠምልሽ። ሽቦው ሲፈታ በመጀመሪያ የምትናገሪው ለእኔ ይሁን፤ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

እናትሽ