ቧንቧው የወጣበት ማሳ

ጥቅምት 14። እስከ ረፋድ ሃያ ሁለት ቁራጭ ቧንቧ ወጣ፤ ሦስቱን ዝገት በልቷቸዋል፤ አሥራ ዘጠኙን ወስጃለሁ።

እትዬ፣ እዚህ አሮጌውን የነዳጅ ቧንቧ ከየማሳው እየነቀሉ ነው፤ ብረቱን የምገዛው እኔ ነኝ። ሲቆፍሩ ጥቁሩን የላይ አፈር ለብቻ ይከምሩታል፤ ሲመልሱም መጨረሻ ላይ ያለብሱታል። ዛሬ አንዱ ማሳ እንዳለቀ ባለቤቶቹ፣ ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ መሃሉ ገቡ። ቧንቧ ባለበት ዛፍ ክልክል ስለሆነ አርባ ዓመት እዚያ ችግኝ ተክለው አያውቁም። ባልየው በከዘራቸው መሬቱን ወጋ አደረጉ።

«እዚህ ይሁን።»

«እዚህማ ጥላው ለጎረቤት ነው!» አሉ ሚስትየዋ።

«ጥላ እስኪያወጣ እኛስ የት አለንና?»

«አንተ ሂድ፤ እኔ እቆያለሁ።»

እነሱ ሲስቁ የአባባ ማሳ መጣብኝ፤ መሃሉን የሚሰነጥቀው ያ ራቁት የቧንቧ መስመር፣ እማማ ጥላ አጥታ ምሳችንን ፀሐይ ላይ ስታበላን። ዛሬውኑ እዚያ መቆም አማረኝ።

ቁፋሮው የአንድ ዓመት አዝመራ ያስቀርብናልና ቧንቧው እዚያው ይቅር ብለሽ ፈርሚ ያልኩሽን ተይው። ይውጣ ብለሽ ፈርሚ። የላይ አፈሩ ለብቻ እንዲቀመጥም በጽሑፍ አስገቢ። እዚህ ስልክ አይሠራም፤ ለፊርማው ግን ወር አለሽ፣ ይህ ፖስትካርድ ይደርሳል።

ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ አንቺም ጉልበትሽን ታከሚ፣ እንዳታመካኚ። ነገ የመጋዝ ምላጭ ልገዛ ከተማ ስወርድ ይህን ፖስታ ቤት አስገባለሁ።

ወንድምሽ