ደም ብዛቴ የወረደ ሰሞን

ልጄ ሰርክአዲስ፣ እንደምን አለሽልኝ? በዚያ በሞስኮ ብርድ የአራዳው ጊዮርጊስ ከለላ ይሁንሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። ወንድምሽ ፍቅሬ እንደ አባትሽ ረዝሟል፤ የቀበሌ ሰዎች ለውትድርና ዕድሜውን ሲጠይቁኝ ገና ልጅ ነው እላለሁ።

ደም ብዛቴ በፋሲካ ሰሞን ወርዶልኝ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር «ጨው በመተውዎ ነው» አለኝ። ጎረቤታችን የሺ ደግሞ «እኔ ያመጣሁላቸው ጠበል ነው» ብላ ለሰፈሩ አወራች። ሁለቱም ያላወቁት፣ ያን ሰሞን ያንቺ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር።

ይኸው ዛሬም ጨው የሌለው ወጥ እየተናነቀኝ እበላለሁ፤ ጠበሉንም አላቋረጥኩም። ደብዳቤሽ ግን እንደጠፋ ክረምቱ ገባ፣ ደም ብዛቴም ተመልሶ ወጣ።

የሕክምና ተማሪ ነሽና «እማዬ፣ ፖስታ ቤት እየተመላለስሽ ዳገቱን ስለምትወጪ እንዳይሆን» ትይኝ ይሆናል። እሱም አይጠፋም፤ ባዶውን ሣጥን ከፍቼ ዘግቼ ስመለስ ዳገቱ ይከብደኛል።

ዐይንሽን ሳላይ አይጥራኝ። አንድ ደብዳቤ ብቻ ጻፊልኝ፣ የኔ ልጅ። ከደረሰኝ በኋላም ዳገቱን መውጣቴን አልተውም፤ ያኔ ዳገቱ ይሁን የደብዳቤሽ መጥፋት ይለይልናል።

እናትሽ አልጋነሽ