ጥቁሩን ሻርፕ የገዛሁ ዕለት

ይድረስ ሐዋሳ ላለሽው ታላቅ እህቴ ለውብአየሁ፤

እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ምንይችልስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ የእንጅባራም ብርድ እንደምታውቂው ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ስለሆነ ነው በደብዳቤ የምነግርሽ።

ጥር 27 ከያለምወርቅ ጋር ከተጋባን ሰባት ዓመት ሞላን። ትዝ ያለኝ ዕለቱን ቢሮ ውስጥ፣ የሥራ ባልደረባዬ ብሥራት ለሚስቱ ሽቶ መግዛቱን ሲያወራ ነው። እኔ አንድ ቀን እንኳ ስጦታ ሰጥቻት አላውቅምና አፈርኩ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አስፈቅጄ ከብሥራት ጋር ወጣን። ሽቶው ከአቅሜ በላይ ሆነ። ነጋዴዋ ጥቁር ከሁሉም ልብስ ጋር ይሄዳል ብትለኝ፣ ዋጋውም ስለተስማማኝ፣ አንድ ጥቁር ሻርፕ ገዝቼ በባጃጅ ወደ ቤት በረርን።

የያለምወርቅ እናት አዘና ከተማ ታመው መተኛታቸውን ታውቂያለሽ። ወሬያቸውን ከሰማን ሰንብተን ነበር። በዚያ ጥድፊያ ይኼ ከየት ትዝ ይበለኝ! ያለ ሰዓቴ፣ ሰው አስከትዬ ገባሁ። ከማፈሬ የተነሣ ፊቷን ማየት አቃተኝ፤ አይዞሽ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ አልኳትና ሻርፑን ዘረጋሁላት። እሪ ብላ ወደቀች። መርዶ መስሏት ነው እኮ! ኧረ አልሞቱም እያልኩ ስለፈልፍ ጎረቤታችን ወይዘሮ ስሜነሽ ደረታቸውን እየመቱ ደረሱ። ማን ይስማኝ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼው ነው።

እውነቱን ከነገርናት በኋላም አላመነችንም፤ ያኔውኑ በሚኒባስ አዘና ሄደች። ልሸኝሽ ብላት እምቢ አለችኝ። እናቷ ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ተነሥተው እህል መቅመስ ጀምረዋል። እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። በወንድሟ በደርበው የላከችብኝ ቃል ነው ሰላም የነሣኝ። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ይዞልኝ ሲገባ፣ ሰው ሞቶ ነው ከማለት ሌላ ምን ላስብ ብላለች።

እህቴ፣ ቅዳሜ አዘና እሄዳለሁ፤ የምላት ግን አልመጣልኝም። እወድሻለሁ የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ታውቀዋለች ብዬ ነበር የኖርኩት። አብራኝ ትመለስ አትመለስ አላውቅም፣ ፈርቻለሁ። በጸሎትሽ አስቢኝ።

ዮዲትን በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪልኝ። ትንሿን ሕይወትን ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽን እማማ ዋጋዬን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ምንይችልንም ሰላም በይልኝ፤ ምክንያት ሳይፈልግ፣ ደህና ቀን ሳለ አንድ ነገር ይግዛልሽ።

ወንድምሽ ሽባባው
እንጅባራ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.