የአባትሽን አፍ ያሸተቱ ዕለት

ነቀምቴ

ልጄ ኬኔ፣ አካም ጅርታ? ጌታ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። ሁላችንም አለን፤ እኔ ግን ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ባለፈው እሑድ አባትሽ የአምልኮውን መርሐ ግብር ሲመራ ተንገዳገደ፤ የጨረሰውን የመክፈቻ ጸሎትም እንደገና ጀመረው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቢሮ ጠርተው አፉን አሸተቱት! ጠጅ በአፉ ዞሮ የማያውቀውን ሰው! በሩን በርግጄ ገባሁና «የእኔንም አሽትቱ!» አልኳቸው።

ሐኪሙ በዘር የሚወርድ የአንጎል በሽታ ነው ብሏል። መጀመሪያ እግሩን ያዘው፣ ቀጥሎ ምላሱን፤ አሁን ደግሞ ሐሳቡን ጀምሮታል። የሰው ስም አይረሳም፤ የጠፋበት የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል ነው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ ትናንት ውሃ ሳይጨምር ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ጣደው። የአባትሽ አባት፣ የአርጆው አያትሽም እንዲሁ ሲንገዳገዱ ኖረው ሰካራም እንደተባሉ ነው የተቀበሩት።

አንቺም በስልክ «እርጅና ነው እማዬ» አትበይኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ምን እርጅና አለው?

በላክሽልኝ ቪዲዮ ደረጃውን ስትወርጂ ግድግዳ ይዘሽ ነበር። ሦስት ጊዜ ደግሜ አየሁት። አባትሽም የጀመረው እንደዚሁ ነው።

እባክሽ ልጄ፣ ተመርመሪ። ጌታ እግርሽን ያጽናልኝ።

እናትሽ ኢቢሴ