ስለ ሊቀመንበሩ ልጅ ድድ

የካቲት 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ጉግሳ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ዲላ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በጥቅምት የነቀልኩልዎ መንጋጋ ቦታው በደንብ እንደጠገገ አልጠራጠርም፤ ባለፈው እሑድ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ ምንም ሲያምዎ አላየሁምና።

እኔ በጤና ጣቢያው የጥርስ ክፍል የምሠራው ጤና ረዳት ይመኙሻል፣ ለዋሉልኝ ውለታ ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

፩ኛ. ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ድድ ቀዶ ያልበቀለ ጥርስ ማውጣት፣ ማለትም ግግ ማስወጣት፣ ጎጂ ልማድ መሆኑን ለሕዝቡ ስላስተማሩልን፣ እማማ ሙሉነሽንም ግግ ያወጣሉ ብለው ስላሰሩልን አመሰግናለሁ። ከሰው ሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፤ አይ ሞኝነቴ!

፪ኛ. ማክሰኞ የሰባት ወር ልጅዎን ታቅፈው በጓሮ በር ስለመጡልኝና፣ ንጹሕ መሣሪያ ስላለሽ ግጉን አውጪለት ብለው ስላዘዙኝ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። እውነቱን ልናገር፣ ጨንቆኝ ነበር። እምቢ ብል ሌላ ሰው በዛገ ምላጭ እንደሚያወጣው አውቄያለሁ። ነገር ግን መሣሪያው ስለጸዳ ብቻ ጤነኛ ድድ አይቀደድም፤ ተቅማጡም ከጥርስ አይመጣም። የጨውና የስኳር ውሃ በጥብጬ፣ አሰጣጡን አሳይቼ ሰጠሁዎ፤ እርስዎም ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

፫ኛ. በማግስቱ «ለአብዮቱ የማትተባበር» ብለው ወደ ገደብ ከተማ እንድዛወር ስለጻፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፬ኛ. ሐሙስ እማማ ሙሉነሽን ከእስር አውጥተው፣ ቤትዎ ወስደው ለአንድ ሰዓት ካሠሯቸው በኋላ መልሰው ስላሰሯቸው፣ ለሕግ ያለዎትን አክብሮት ሳላደንቅ አላልፍም።

ማን ነገረሽ አይበሉኝ፤ የልጅዎ ለቅሶ አጥር ዘሎ ይሰማል። ድዱ አብጧል፣ ትኩሳቱ አልበርድ ብሏል፣ ጡት አይዝም። እርስዎ ግን ሰው እንዳያውቅብዎ በር ዘግተውበታል። እኔ ዘንድ የሚመጣን ሰው ምስጢር መጠበቅ የሥራዬ ሕግ ነው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የማንንም አላወጣሁም። የእርስዎን ያወጣሁት ሁለት ቀን አስቤበት፣ እያፈርኩም ነው። እንግዲህ ዲላ በሙሉ ስላወቀ የሚደብቁት ነገር የለዎትም። ስለዚህ ልጁን ያምጡልኝ።

በደብዳቤ ግርጌ የምንጽፈውን መፈክር ለዛሬ ዘልዬዋለሁ፤ ሞት የሚል ቃል አለበት።

ትእዛዝዎን ባልፈጽምም ክብርዎን ሁሌ የምጠብቅ፣
ይመኙሻል ደበበ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ ፍለጋ አይድከሙ። እኔን ለማሰር አብዮት ጥበቃዎቹን ሲልኩ ባዶ እጃቸውን አይምጡ፤ ሕፃኑን ታቅፈው ይምጡ።